ሁለት አማካሪ ቀየርኩ፤ የትኛው ነው ልክ?

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሳሪስ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ካረፈ ዓመት ከሰባት ወር ሆነው። ያረፈ ቀን እኔ ከሥራ እየተመለስኩ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ደውሎልኝም ነበር፤ ታክሲው ጥቅጥቅ ብሎ ስለነበር አላነሳሁትም።

ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ አንድ ነገር ጀመረኝ። ጠዋት ስሄድ ደህና ነኝ። ማታ ስመለስ ግን ታክሲው ቃሊቲን አለፍ ሲል ልቤ ይመታል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አየር ያጥረኛል። የምሞት ይመስለኛል። ‹ወራጅ አለ!› ብዬ ሰፈሬ ሳልደርስ እወርድና መንገድ ዳር ቆሜ ሌላ ታክሲ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ በእግሬ እገባለሁ። ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፣ ኢሲጂ ተነሳሁ። ‹ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው› አሉኝ።

አማካሪ ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ደብተር አስያዘኝና የቤት ሥራ ይሰጠኝ ጀመር። ያሰብሽውን ጻፊ፣ ፍርሃትሽን ከመቶ ስንት ነው በይው ይለኛል። ሦስቴ ሄጄ ተውኩት። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ስለ ልጅነቴ ትጠይቀኝና ዝም ትላለች። አራቴ ሄድኩ፤ ዝምታው ከበደኝ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ የእሷ አማካሪ ምንም ሳታዛት ዝም ብላ ስለምታዳምጣት ብቻ ቀሎኛል ትላለች። እናቴ ጸበል እንግባ ትለኛለች። ወንድሜ ‹ለወሬ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?› ይላል። የአንድ ቀጠሮ ክፍያ ከሳምንት የታክሲ ወጪዬ ይበልጣል። ሦስተኛ ሰው ጋ ሄጄ ብሬን ሳልጨርስ ይንገሩኝ፤ ትክክለኛው ሕክምና የትኛው ነው?

ወ. ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ»

ውድ እህቴ፣

ነፍስ ይማር። ዓመት ከሰባት ወር ለሰሚው ረጅም ነው፤ ለባለቤቱ ትናንት ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ሕክምናው ዓይነት ነው፤ እሱን እመልስልሻለሁ። ግን በአንድ መስመር ብቻ ነክተሽው ያለፍሽው ነገር አለ። ኋላ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከመጀመሪያው አማካሪሽ ልጀምር። ደብተር ያስያዘሽ ሰው የሚሠራበት መንገድ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይባላል። ባለሙያዎቹ ባጭሩ ሲቢቲ ይሉታል። አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መንገዱን የጠረገው። ቤክ ራሱ የሠለጠነው ኦስትሪያዊው ሐኪም ፍሮይድ በጀመረው መንገድ ነበር፤ ስለ እሱ ኋላ እነግርሻለሁ። በድባቴ የተያዙ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎቹ ከሚያወሩት ታሪክ ጎን ለጎን ጭንቅላታቸው ውስጥ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ አጭር ሐሳብ አለ። «አልረባም»፣ «አበቃልኝ» ዓይነት። በጣም ፈጣን ስለሆነ ባለቤቱ እንኳ ልብ አይለውም። ቤክ ያንን ሐሳብ እንያዘውና እውነት መሆኑን እንፈትሸው አለ።

ደብተሩ ለዚህ ነው እህቴ። እንደ ተማሪ ሊያርምሽ አይደለም። ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ሐሳብ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ አይያዝም።

እስቲ በራስሽ ታሪክ እንየው። ማታ ነው። ታክሲው ሞልቷል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አራተኛ ሰው ሦስት ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጣል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ከፈት ልታደርጊው ስትይ ከኋላ አንዱ «ኧረ ብርድ!» ይላል። ልብሽ ትንሽ ፈጠን ይላል። እስካሁን ያለው በማንም ላይ የሚደርስ ነው። ቀጥሎ ግን «ልቤ ሊቆም ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እሱን ስታስቢ ትፈሪያለሽ። ስትፈሪ ልብሽ ይብሱን ይመታል። ሲመታ «ይኸው፣ እውነትም ልሞት ነው» ትያለሽ። ሐሳቡ ልብሽን ያስደነግጠዋል፣ ልብሽ ደግሞ ለሐሳቡ ምስክር ይሆነዋል። አንቺ በመሀል ትዞሪያለሽ።

ከዚያ «ወራጅ አለ!» ትያለሽ። በሩ ይከፈታል፣ ቀዝቃዛው አየር ፊትሽን ይነካዋል፣ ወዲያው ይቀልሻል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መውረድሽ ያንን ማታ ያድንሻል፤ የነገውን ማታ ግን ያከብድብሻል። ሰውነትሽ «ከሞት የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ባትወርጂ ምን ይሆን እንደነበር የማየት ዕድል አላገኘም። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ፍርሃት እኮ ዝም ብሎ ወደ ላይ አይወጣም። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና ራሱ ይወርዳል። አማካሪሽ ምናልባት ወደዚያ ሊወስድሽ ነበር፤ ቀስ እያሉ፣ አንድ ፌርማታ እየጨመሩ፣ ሳይወርዱ መቆየትን ወደ መለማመድ። በሦስት ቀጠሮ ግን እዚያ አይደረስም። እንዲህ ያለው ሕክምና በአብዛኛው ከ5 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። አንቺ የተውሽው ገና ዕቃው ሲቀራረብ ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ለምን እንደሚያጽፍሽ ቁጭ ብሎ ሊያስረዳሽ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ። የልጅነት ጥያቄውና ዝምታው ከፍሮይድ የመጣ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ ቪየና ውስጥ ታካሚዎቹን ሶፋ ላይ አስተኝቶ፣ ራሱ ከማይታይበት ቦታ ተቀምጦ፣ አፋቸው ላይ የመጣውን ሁሉ እንዲናገሩ ያደርግ ነበር። የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ሶፋውን ባብዛኛው ትተውታል። ሐሳቡ ግን አለ። ሰው የሚያሠቃየው ነገር ሁልጊዜ በግልጽ የሚያውቀው አይደለም፤ ድሮ የተማርነው ከሰው ጋር የመሆን ልማድ ዛሬ ከባል፣ ከአለቃ፣ ከአማካሪም ጋር ሳይቀር ይደገማል ይላል። ዝምታው ቸልታ አይደለም። ቦታ መልቀቅ ነው። ሌላ ሰው ሳይሞላው አንቺ የምታመጪው ነገር ምን እንደሆነ ለማየት።

ለአንዳንድ ሰው ይህ ሕይወት ቀያሪ ነው። ደጋግሞ አንድ ዓይነት ሰው ላይ ለሚወድቅ፣ በቀረበ ቁጥር ለሚሸሽ፣ ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ባዶነት ለሚሰማው። ጊዜ ግን ይፈልጋል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት። ማታ ማታ ታክሲ ላይ እየታፈነ ላለ ሰው ግን በእኔ እይታ የመጀመሪያው በር እሱ አይደለም። ቤቱ ውኃ እየገባው ስለ መሠረቱ አጣጣል አይወራም፤ አስቀድሞ ውኃው ይገታል።

የጓደኛሽ አማካሪ ደግሞ የካርል ሮጀርስን ፈለግ የምትከተል ይመስለኛል። ሮጀርስ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰውን ለመለወጥ የሚያስፈልጉ ያላቸውን ነገሮች ዘረዘረ። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ የአማካሪው ድርሻ ናቸው፤ ሌላውን ከውስጡ ሆኖ መረዳት፣ ሳያስመስሉ እውነተኛ መሆን፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል። ቀላል ይመስላል። እስቲ ዙሪያሽን እይ። «አይዞሽ፣ በቃ አታልቅሺ» ሳይል የሚያዳምጥሽ ሰው ስንት ነው?

አንድ መንገድ ደግሞ ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። ከሰዎች ጋር ባለን ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ሕክምና አለ፤ ባለሙያዎቹ አይፒቲ ይሉታል። ከሚይዛቸው አራት ጉዳዮች አንዱ ሐዘን ነው። ጊዜውም የተወሰነ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ። በዚህ የሠለጠነ ሰው ካገኘሽ ላንቺ ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ የትኛው ነው ልክ? ይህ ጥያቄ ባለሙያዎቹንም ሲያከራክር ኖሯል። ሶል ሮዘንዝዋይግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1936 መንገዶቹ በስም ቢለያዩም የሚፈውሱት ምናልባት በሚጋሩት ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ በርካታ ጥናቶች ደጋግሞ ብቅ የሚል ነገር አለ፤ በታካሚውና በአማካሪው መካከል ያለው መተማመን። ወዴት እንደሚሄዱ ሁለቱም ይስማማሉ? ታካሚው እውነቱን መናገር ይችላል? ይህ ከሌለ የትኛውም ዓይነት ሕክምና አንካሳ ነው። እንደ አንቺ ላለው ድንገተኛ ፍርሃት ግን ሲቢቲ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ስለሆነ ምርጫሽ ውስጥ ቀድሞ ይምጣ እላለሁ።

አሁን ወደዚያች መስመር እንመለስ።

«ደውሎልኝም ነበር፤ ታክሲው ጥቅጥቅ ብሎ ስለነበር አላነሳሁትም።» ይህን ጽፈሽ በሚቀጥለው አንቀጽ ስለ ኢሲጂ ነገርሽኝ። እህቴ፣ ጠዋት ደህና ነሽ። ማታ ነው የሚይዝሽ። ሲይዝሽ ወደ ቤት እየሄድሽ ነው፤ ታክሲው ሞልቷል፤ ቃሊቲን አልፈሻል። ያን ቀን ስልኩ የጠራው የት ጋ ስትደርሺ ነበር? አሁንም ታክሲ ውስጥ ስልክሽ ሲጠራ ምን ይሰማሻል? ቤት ስትደርሺ ማን ነበር ደረጃው ላይ የጠበቀሽ?

ልሳሳት እችላለሁ፤ ደብዳቤ አንብቤ ነው የምናገረው። ግን እጠይቅሻለሁ፤ ይህን ለመጀመሪያው አማካሪ ነግረሽዋል? ለሁለተኛዋስ? ደብዳቤሽ ሁለቱም የጠየቁሽን ነው የሚነግረኝ፤ አንቺ የነገርሻቸውን አይልም። አንዱ ደብተር ሲሰጥሽ፣ አንዷ ዝም ስትል፣ ያቺ የስልክ ጥሪ ሳትነገር ቀርታ ከሆነ፣ ሁለቱም የሠሩት በጎደለ ሒሳብ ነው። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ አንዲት ደረሰኝ ስትጎድል ድምሩ እንደማይመጣ ታውቂዋለሽ።

ሐዘናችን መልክ አለው። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያለ ሰው ከጎን አይጠፋም። በዚህ የታደልን ነን። ግን ድንኳኑ ውስጥ የማይነገር ሐዘን አለ። አባቴ ደውሎልኝ አላነሳሁለትም የሚባል ነገር በለቅሶ ቤት አይወራም። ለእናትሽም አትነግሪያት ይሆናል፤ ይብስ ታዝን ይሆናል ብለሽ። ያ ብቻውን ቀርቶ፣ ሰው ሁሉ «አሁንማ ተጽናናች» ባለ ጊዜ፣ ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሰውነትሽ ላይ ወጣ። በየቀኑ አብረሽው ተሳፍረሽ እየሄድሽ ይሆናል።

አንድ ነገር ልበልሽ፤ ልቤ ስላላስቻለኝ ነው። ከተማው መሀል እየሠራ ዳር የሚኖር ሰው በሙሉ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጭንቅንቅ ውስጥ ስልክ ሲጠራበት «ቤት ስደርስ እደውላለሁ» ይላል። በየቀኑ እንላለን። ያን ቀን የተለየ መሆኑን የምታውቂበት መንገድ አልነበረም። አሁን ይህን ስታነቢ አታምኚኝም፤ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ደብዳቤ አይታመንም። ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ ደጋግሞ፣ አልቅሶ ነው።

ወንድምሽ «ወሬ» ስላለው ነገር አንድ ታሪክ ንገሪው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ይሰሙታል። ከዚያ ከችግሮቹ አንዷን መርጠው ምን ማድረግ እንደሚቻል አብረው ያስባሉ። እዚያ አገር ሰዉ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ማሰብ መብዛት ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ በዛብኝ» እንል የለ? ውጤቱ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ አያቶቹ ጋ የተቀመጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት በግልጽ ተሽሏቸው ተገኙ። አየሽ፣ ወሬ ነው። ግን ዓላማ ያለው፣ የሠለጠነ ጆሮ ያለው ወሬ ነው። ወንድምሽም የአባቱ ሐዘን አለበት፤ ንግግሩ ሻካራ ሲሆንብሽ ይህን አስቢለት።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጸበል እንሂድ ካለችሽ አብረሻት ሂጂ። እምነትሽ ከሆነ ማንም አማካሪ ከእምነትሽ ሊያጣላሽ አይገባም። ለእሷም ቢሆን ልጇን ይዛ መሄዷ ትልቅ ነገር ነው። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጸበሉ ምክንያት ቀጠሮሽን አትተዪ፣ መድኃኒት የታዘዘልሽ ቀን ቢመጣም አታቋርጪ።

መድኃኒት ስል፣ አማካሪ መድኃኒት አያዝም። የሚያዘው ሐኪም ነው። አሁን ያለሽበት ሁኔታ ወደዚያ የግድ ይወስድሻል አልልም። ግን እንቅልፍ ካጣሽ፣ ሥራ መሄድ ካቃተሽ፣ ወይም ምግብ ካስጠላሽ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም አሉ። መኖር አስጠልቶኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ለእናትሽ ወይም ለወንድምሽ ነግረሽ ቅርብሽ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽ፣ ሦስተኛ ሰው አትፈልጊ። ወደ መጀመሪያው ተመለሺ። ደብተሩን ባትወጂውም ለፍርሃትሽ የሚሆነው መሣሪያ እሱ ጋ አለ፤ የጀመራችሁትም አለ። ስትሄጂ መጀመሪያ ስለ ስልኩ ንገሪው። ቀጥለሽ ጠይቂው፤ ከሐዘን ጋር የተያያዘ ነገር ላይ ሠርተህ ታውቃለህ? ስንት ቀጠሮ ይፈጅብናል? እየተሻለኝ መሆኑን በምን እናውቃለን? በየሳምንቱ መክፈል አልችልም፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ብመጣና በመሀል ራሴ ብለማመድስ? የቤት ሥራው ከከበደሽ ከበደኝ በይው። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ ያስተካክለዋል። ስለ ስልኩ ነግረሽው ሳያዳምጥ ቶሎ ወደ ደብተሩ ቢገባብሽ፣ ያኔ ሌላ ሰው መፈለግሽ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሦስት አራት ቀጠሮ ስጪው።

እስከዚያው ታክሲ ላይ ትንሽ ነገር ሞክሪ። ፍርሃቱ ሲጀምርሽ ሰዓትሽን እይና እስኪበርድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሪ። ከምትወርጂበት ቦታ አንድ ፌርማታ ብቻ እለፊ። አንድ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አንድ። ብቻሽን ከከበደሽ የመጀመሪያውን ቀን ወንድምሽ ሳሪስ ድረስ መጥቶ አብሮሽ ይመለስ፤ «ወሬ» የሚለውን ነገር በዓይኑ ያየዋል። ቢሮ ከሰዓት ላይ ቡና የምትደጋግሚ ከሆነም ቀነስ አድርጊው፤ ቡና ልብን ያፈጥናል፣ አንቺን ደግሞ አሁን የሚያስፈራሽ የልብ ፍጥነት ነው።

ለአማካሪው መደወል ካሳፈረሽ መልእክት ላኪለት። እንዲህ ብለሽ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከወራት በፊት ሦስት ጊዜ መጥቼ ያቋረጥኩት ነኝ። መመለስ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። አባቴ ባረፈ ቀን ደውሎልኝ ነበር።» ማታ ታክሲ ሳትይዢ፣ ገና ቢሮሽ ሳለሽ ላኪው።